ወደ ደጋው የሚወጣ መሐንዲስ ሊያውቀው የሚገባ ወግ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ወደ ታይላንድ የሚሄድ እንግዳ የሰው ራስ እንዳይነካ፣ ሲቀመጥም እግሩን ወደ ሰው እንዳይዘረጋ አስቀድሞ ይመከራል። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ለሚላክ ባልደረባችን ግን፣ የውጭ አገር ሰውም ይሁን የአዲስ አበባ ልጅ፣ ካርታና መሣሪያ እንጂ ይህን መሰል ምክር ሲሰጠው አይታይም። ዛሬ ለማስረዳት የምሻው፣ የአገሩን ወግ ማወቅ ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ለሥራችን መቃናትም አስፈላጊ መሆኑን ነው።

በደጋው ሰላምታ አይቸኮልበትም። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሽማግሌ ወይም ቄስ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ታላቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። የውጭ አገር ሰው ይህን ቢስት ይታለፍለታል፤ ከእኛ ግን አይጠበቅም።

ጠላም ሆነ ቆሎ ሲቀርብ ጨርሶ እምቢ ማለት ባለቤቱን ያሳፍራል፤ መቅመስ ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዓቢይ ጾም ወራት፣ ከጾመኛ ቤት ሥጋና ወተት አይጠየቅም። ገበሬው «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲል በውጭ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ እንደ ሆነ ለባዕድ ባልደረባችን መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እሺ» የምትለው ቃል ናት። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር በሆነበት አገር፣ «እሺ» አንዳንድ ጊዜ ስምምነት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አክብሮት ብቻ ነው። መሐንዲሱ የአክብሮቱን «እሺ» እንደ ስምምነት ቆጥሮ ችካል ቢተክል፣ በማግሥቱ ችካሉ ተነቅሎ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባውም።

ነገሩ መሬትን ሲነካ ደግሞ ይብሳል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የመንዝ ሰው መሬቱን የያዘው በርስት፣ የአባቶቹን ትውልድ እየቆጠረ ነበር። ስለዚህ ሜትር የዘረጋ እንግዳ ሲመጣ «ምን ሊወስድብን ነው?» ብሎ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ሁሉም ባዶ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘውን ጓሳን የአስቦና የጌራ ዘሮች ለብዙ ትውልድ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩም ለዓመታት ይዘጋና ለአጨዳ በስምምነት ይከፈት ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ ከሳጥኑ አይውጣ። ሐሳባችንን ካስረዳን በኋላ ሽማግሌዎቹ እኛ በሌለንበት ይምከሩበት፤ መልሱንም ተመልሰን እንጠይቅ። ይህም የሚወስደው ቀን እንደ ትርፍ ጊዜ ሳይሆን እንደ አፈር ምርመራው ሁሉ በሥራው ዕቅድና በጀት ውስጥ ይግባ። የምንጩን መነሻ፣ የጎርፉን መውረጃና የሚንሸራተተውን ገደል ከማንም አብልጦ የሚያውቀው ባለአገሩ ነውና፣ ያከበረው እንግዳ ይህን ዕውቀት ያገኛል፤ ያላከበረው ግን «እሺ» ብቻ ተብሎ ይሸኛል።