ከመቅደላ ስለ ጠፋው ሕፃን ለተማሪዎች የተነገረ ቃል

ልጆች ሆይ፤ መከራ ያገኘው ሰው ሁሉ ይበረታል የሚላችሁ ቢኖር አትመኑት። መከራ ብዙውን ሰው ይሰብራል፤ የተሰበረውንም ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ወድቆ የተነሣ ሰው ሲገኝ በምን እንደ ተነሣ መመርመር መልካም ነው። ስለዚህም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ስሙ።

በ1860 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ሞተው እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ፥ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው አንድ ሕፃን በዚያ ሽብር ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። አንድ የእንግሊዝ መኰንንም አግኝቶት ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህም ሰው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሞተ፤ ልጁም ሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። ሌላ መኰንን ግን የትምህርቱን ዋጋ ከፈለለት። ስሙም በሁለቱ መኰንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቀረ፤ አፉን የፈታበትንም ቋንቋ ረሳ። ቤት የፈረሰበት ሰው ሌላ ቤት ይሠራል፤ የእናቱን ቋንቋ ያጣ ሕፃን ግን በምን ይተካዋል?

ልጁ ስለዚህ ነገር ሲያለቅስ አልኖረም፤ መጽሐፉን ያዘ። በላሖር ከተማ የሕክምናን ትምህርት ተምሮ በፈረንጆች ቍጥር በ1882 ፈጸመ። ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን ጨመረበት፤ በበርማም የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ሠራ። ደመወዙም ክብሩም ያልጐደለበት ሰው ነበረ፤ የትውልድ አገሩን ግን ከልቡ አላወጣም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ሐኪሙ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከዘመዶቻቸው ጋራ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። አያታቸው መጥተው የልጅ ልጃቸውን ያወቁት በፊታቸው አይደለም፥ በንግግራቸውም አይደለም፤ በልጅነታቸው በገላቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ነው እንጂ። በዚህም የቀድሞ ስማቸው ተመለሰላቸው፤ አማርኛንም ጐልማሳ ሆነው እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ። ይህ ለተማረ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሊቅ እንደገና ተማሪ መባልን ያፍራል።

በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት በተከፈተ ጊዜ ኀላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ፤ ከእናቱ የተነጠቀ ልጅ ምን እንደሚጐድለው ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረምና። ኋላም ጨርጨርን ገዙ።

በ1928 ዓ. ም. ጠላት አገሪቱን ሲወር በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት፥ በየካቲት 1929፥ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ሁለት ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ፋሽስቶች ገደሏቸው። መቅደላ ላይ ልጅ ሆነው ወላጆቻቸውን ያጡ ሰው አሁን ወላጅ ሆነው ልጆቻቸውን አጡ። ይህ ኀዘን ተፈወሰ ማለት ሐሰት ይሆናል።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ. ም.፥ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት አልፎ፥ ወደ ኢትዮጵያ እንደገና ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።