ዚንክ፦ ከማሳ እስከ ቆዳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




በምሥረታ በዓል ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን በኩንታል የማይሰፈር፣ በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ቢጠራቀም ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ የሚሆን ማዕድን ነው። ስሙ ዚንክ ይባላል። ለጣና ዳር ገበሬ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዲስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ብረቱ እንዳይዝግ በላዩ በተለበጠው ዚንክ ነው። ይኸው ማዕድን በአፈር ውስጥ፣ በጤፍ ፍሬ ውስጥና በሰው ቆዳ ውስጥም አለ። በሰው አካል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን በቆርቆሮ ላይ ከሚሠራው እጅግ የተለየና የረቀቀ ነው።

በሰውነት ውስጥ ከ300 የሚበልጡ ኢንዛይሞች ያለ ዚንክ ሥራቸውን አይሠሩም። ሕዋስ ተከፍሎ ሁለት የሚሆነው፣ ቁስል የሚሽረው፣ ሕፃን ቁመት የሚጨምረው፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከለው በእርሱ እየታገዘ ነው። አብዛኛው ዚንክ የሚገኘው በጡንቻና በአጥንት ውስጥ ሲሆን ከመቶ አምስት ያህሉ ደግሞ በቆዳ ውስጥ ነው። ቆዳ፣ ፀጉርና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ዘወትር የሚታደሱ በመሆናቸው እጥረት ሲመጣ አስቀድመው የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ቆዳ ይደርቃል፣ ይሻክራል፤ በአፍ ዙሪያ፣ በእጅና በእግር እንዲሁም በመቀመጫ አካባቢ ይቆስላል፤ ፀጉር ይሳሳል፤ ትንሽ ጭረት ሳይድን ይከርማል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ተቅማጥ ይመላለሳል። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ ሰውነት ለክፉ ቀን የሚሆን የዚንክ ጎተራ የሌለው መሆኑ ነው። ብረት በጉበት ይከማቻል፣ ቫይታሚን ኤም እንዲሁ፤ ዚንክን ግን በየዕለቱ ከምግብ ማግኘት የግድ ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 11 ሚሊ ግራም ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል ሊታለፍ አይገባም። የቆዳ ችግር ሁሉ የዚንክ እጥረት አይደለም። እከክና ጭርት የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፤ የራሳቸው መድኃኒት አላቸው። በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር ማበጥም በዚንክ አይድንም፤ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። የዚንክ ኪኒን ያለ ልክ መዋጥም ጉዳት አለው፤ ሰውነት መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል።

የዚንክ እጥረት በሰው ላይ መኖሩ የታወቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። ለተክልና ለእንስሳ አስፈላጊ መሆኑ ቀድሞ ቢታወቅም ሰው ግን ከየትም አያጣውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የተባሉ ሕንዳዊ ሐኪም በኢራን፣ በሺራዝ ከተማ አንድ የ21 ዓመት ወጣት አዩ። ወጣቱ ሲታይ የ10 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ቆዳው ደረቅና ሻካራ ነበር። ምግቡ በአብዛኛው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ሲሆን አፈርም ይበላ ነበር። ፕራሳድ በኋላ ወደ ግብፅ ሄደው ተመሳሳይ ወጣቶችን ሲመረምሩ ጉድለቱ የዚንክ መሆኑን አረጋገጡ። ዚንክ ሲሰጣቸው ቁመት ጨመሩ፣ ለአካለ መጠንም ደረሱ።

የሚገርመው በስንዴው ቂጣ ውስጥ ዚንክ መኖሩ ነው። ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ገለባ አካባቢ የሚገኝ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንኩን አስሮ ይይዘዋል፤ ታስሮም በአንጀት በኩል አልፎ ይወጣል። ፋይቴትን የሚፈታው ማቡካት ነው። ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይና ሲኮመጥጥ በእህሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሥራውን ይጀምራል፣ ፋይቴቱም ይቀንሳል። የጎጃምና የጎንደር እናቶች ስሙን ሳይሰሙ ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል። ከዚህ አንፃር ደህና የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል፤ ቂጣ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል። እህልን አብቅሎ መፍጨትና ጥራጥሬን ከመቀቀል በፊት ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል። ለሕፃን የሚሆን የአጥሚት ዱቄት ውስጥ ጥቂት ብቅል ማግባት ወጪ የሌለው ዘዴ ነው።

በአገራችንም በዚህ ጉዳይ ትልቅ ስም ያገኘ ጥናት ተደርጓል። በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ፣ በመላኩ ኡመታ መሪነት የተካሄደው ይህ ጥናት በ1992 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ወር የሆኑ 100 የቀነጨሩና 100 ያልቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው ገሚሶቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ ለስድስት ወር ተሰጣቸው። ዚንክ ያገኙት የቀነጨሩ ሕፃናት በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ ያላገኙት 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ አደጉ። በሳል፣ በተቅማጥና በትኩሳት መታመማቸውም ቀነሰ። አራት ሴንቲ ሜትር በጎልማሳ ዘንድ ኢምንት ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ብዙ ነገር ነው።

ጉዳዩ ለአማራ ክልል ለምን እንደሚያሳስብ ቁጥሩ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከክልሉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ መቀንጨር ከዚንክ የመጣ አይደለም። የንጹሕ ውኃ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ሕመምና የምግብ ማነስ አሉበት። ሆኖም እህል የሚተርፈው፣ ወተት የሚታለብበትና ዓሣ የሚጠመድበት አካባቢ ልጆቹ ሲቀነጭሩ ከምግቡ ብዛት ይልቅ ዓይነቱን መመርመር ያስፈልጋል። ቀረሶና አምባዛ ከጣና ወጥተው ወደ ከተማ ይጫናሉ፤ እንቁላሉም ለገበያ ይሄዳል። በጾም ወራትም ሕፃናት ጾም ባይኖርባቸውም ዕቃው እንዳይነካ በሚል የእንስሳት ተዋጽኦ ሳይሠራላቸው ይቀራል። ለሕፃኑ አንዲት ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ መለየት ይህን ችግር ያቃልላል፤ ጾሙንም አያፈርስም።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ፤ ዩኒየኑን በቀጥታ የሚመለከተው እርሱ ነውና። አፈሩ ዚንክ ከሌለው ወይም ኖሮት ለሥሩ የማይሰጥ ከሆነ ፍሬውም አይኖረውም። በ2010/11 የምርት ዘመን በባሕር ዳር አቅራቢያ በአባ ገሪማ፣ በደብረ መዊና በማርቁማ በገበሬዎች ማሳ ላይ በተደረገ ምርምር አፈር ዚንክን የሚይዝበትና የሚለቅበት መጠን በአፈሩ ኮምጣጣነት፣ በብስባሹ ብዛትና ማሳው ከተዳፋቱ ላይ ባለበት ቦታ እንደሚወሰን ታይቷል። ከአንድ ኮረብታ አናትና ግርጌ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ተጠቅመው አንድ ዓይነት ውጤት ላያገኙ ይችላሉ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹ የመሩት ጥናትም በኢትዮጵያና በማላዊ የእህል የንጥረ ነገር ይዘት ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርቱ አባላት ለዚህ የተለየ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል። ውኃ በተኛበት ማሳ ዚንክ ለሥር አስቸጋሪ ይሆናል፤ ሩዝም በዚንክ እጥረት ቶሎ ከሚጎዱ ሰብሎች አንዱ ነው። በተተከለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ላይ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ ሲታይና ቡቃያው ሲቀጭጭ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል። በበቆሎ ላይ ምልክቱ ሌላ ነው፤ በወጣት ቅጠሎች ግርጌ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ይወጣል።

ለአሥርት ዓመታት ገበሬው የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ነበር። ሁለቱም ዚንክ የላቸውም፤ ፎስፈረስ ሲበዛ እንዲያውም ተክሉ ዚንክ እንዳይወስድ ይሻማዋል። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች የዚንክና የቦሮን እጥረት መኖሩን ካሳየ በኋላ ነበር ቅይጥ ማዳበሪያ የመጣው፤ በባሕር ዳር የሚገኘው የመርከብ ዩኒየንም የማደባለቂያ ፋብሪካ ከተቋቋመላቸው አምስት ዩኒየኖች አንዱ ነበር። በመሆኑም አባላት ማዳበሪያ ሲረከቡ የከረጢቱን ጽሑፍ ማንበብ ይኖርባቸዋል። ዚንክ ተብሎ ካልተጻፈበት ዚንክ የለውም፤ የቀለሙ ማማር ምንም አይነግርም። አሲዳማ በሆነው የጎጃም አፈር ላይ ኖራ መጨመርም መልካም ነው፤ ከተመከረው መጠን ካለፈ ግን ዚንኩን ከሥሩ ያርቀዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ኩበት ነው። እበት ከሣር የመጣውን ዚንክ ይዞ ይወጣል፤ ወደ ማሳ ቢመለስ ዚንኩንም፣ ብስባሹንም ይመልስ ነበር። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ብስባሹ ይነዳል፤ አመዱም በብዛት ከደጅ ይደፋል። የማገዶ ችግር እስካለ ድረስ ገበሬውን መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ አመዱን ከጓሮ ኮምፖስት ጋር መቀላቀል ግን ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

ቱርክ በዚህ ረገድ የምትጠቀስ አገር ናት። በመካከለኛው አናቶሊያ የስንዴ ምርት ለምን እንደማይነሳ ሲመረመር አፈሩ ዚንክ ማጣቱ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ኢስማኢል ቻክማክ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ሥራ ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ ተስፋፍቶ ምርቱ አደገ። ከዚያ የተገኘው ልምድ እንደሚያሳየው ከመዝራት በፊት በአፈር ላይ የሚጨመር ዚንክ ምርት ሲያሳድግ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ በቅጠል ላይ የሚረጭ ዚንክ ደግሞ የፍሬውን ይዘት ያሳድጋል። አፈር ላይ የገባው በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ለተከታታይ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ወጪው ሲሰላ በአንድ ዓመት ምርት ላይ ብቻ መታየት የለበትም።

በመጨረሻም ስለ ዚንክ ኪኒን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ምክር ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሁሉ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ እንዲወስድ አሳስበዋል፤ ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ብዙ ወላጆች ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ኪኒኑንም ያቆማሉ። ቀሪዎቹ ቀናት የሚያስፈልጉት በተቅማጡ የወጣውን ዚንክ ለመተካትና በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ሕመሙ እንዳይመላለስ ነው። ኪኒኑ በንጹሕ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይሟሟል። ከጤና ኬላ ሲሰጥ ስንት ቀን እንደሚወሰድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን መጠየቅና የተሰጠውን ኪኒን ቆጥሮ መረከብ የአባትም የእናትም ድርሻ ነው።