ሜዳው የማን ነው? የአካባቢ ምርጫ እጩዎች ስለ መዝናኛና ስለ ባህል ሊጠየቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ሸጎሌ በገበሬው ዘንድ የምትታወቀው በከብት በረቷ ነው። በበዓል ዋዜማ በሬውን ወይም በጉን ነድቶ የመጣ ገበሬ ሸጎሌን የሚያስታውሳት በገበያው ግርግር፣ በደላላው ጩኸትና በዋጋው ክርክር ነው። ሸጦ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ፣ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሸጎሌ ግን ገበያ ብቻ አይደለችም። ገበያው ሲበተን በሰፈሩ የሚቀር ሰው አለ። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ኳስ የሚመታበት፣ ወጣቱ የሚሰባሰብበት፣ አረጋዊው ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ዕድርተኛው ድንኳን የሚተክልበት ቦታ ይፈልጋል። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው። ለአካባቢ ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ስለ መዝናኛና ስለ ባህል ምን ሊያቅድ ይገባዋል? መራጩስ ምን ብሎ ይጠይቀው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ ሕጉ የሚለውን ማየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋፅኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ሲጣመሩ መልእክታቸው ግልጽ ነው። የሰፈር ሜዳ፣ የወጣቶች ማዕከልና የንባብ ክፍል ጉዳይ በችሮታ የሚሰጥ ሳይሆን በተመራጭ ምክር ቤት የሚመከርበት የመንግሥት ሥራ ነው።

የአዲስ አበባ ሕዝብ የከተማውን ምክር ቤት ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. መርጧል። በሚያዝያ 2000 እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዝሞ፣ 138 መቀመጫዎች ላሉት የከተማው ምክር ቤት ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ተካሂዷል። ምርጫ በመጣ ቁጥር እጩው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሥራ ዕድል መናገሩ ተገቢ ነው። ጨዋታና ባህል ግን አብዛኛውን ጊዜ በንግግሩ መጨረሻ ላይ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ድምፅ የሚሰጠው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው መሆኑ ነው። ሜዳውን ከማንም በላይ የሚፈልገው የ10 ዓመት ልጅ የምርጫ ካርድ የለውም። ስለ እርሱ የሚጠይቅለት ወላጁና ጎረቤቱ ካልሆነ ሌላ ማንም አይኖርም።

ሜዳ እንዴት እንደሚታጣና እንዴት እንደሚመለስ ለማየት የጃን ሜዳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት፣ የፈረስ ጉግስና የገና ጨዋታ የታየበት፣ የአዲስ አበባ ሯጮችና የኳስ ልጆች የሚያውቁት ሰፊ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ በአትክልት ተራ የነበረውን መጨናነቅ ለመቀነስ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። እርምጃው ችግር የወለደው ነበር። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ሳይሸጥ ቢቀር የሚጎዳው ገበሬው ነውና በዚህ ጉባኤ የሚቀመጥ አምራች ሁሉ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ወራት ሲቆጠሩ ሜዳው በጭቃና በቆሻሻ ተሸፈነ፤ ጨዋታውም ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ፤ በርካታ በጎ ፈቃደኞችም ወጥተው ሜዳውን አጸዱ። በዓሉም በቦታው ተከበረ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ጃን ሜዳ የተመለሰው ቀጠሮ ስለነበረው ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይመጣል፤ ማንም ሊያራዝመው አይችልም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑም ብዙ ዓይን ይመለከተዋል። በሸጎሌም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚገኝ አነስተኛ የኳስ ሜዳ ግን እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም። ዛሬ «ለጊዜው» ተብሎ አሸዋና ድንጋይ ቢራገፍበት፣ ነገ መኪና ቢቆምበት፣ ከነገ ወዲያ አጥር ቢታጠርበት፣ «እስከዚህ ቀን ይነሣ» የሚል አይገኝም። ስለዚህ የእጩው የመዝናኛ ፖሊሲ የመጀመሪያ ሥራ አዲስ ነገር መገንባት አይደለም። ያለውን ሜዳ በስሙ የሚጠራ ካርታና በዓመቱ ውስጥ የታወቀ ቀጠሮ ያለው ቦታ ማድረግ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

በከተማ ደረጃ የተሠሩ ትልልቅ ሥራዎች እንዳሉ መካድ አይገባም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች 705 ሄክታር ይሸፍናል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም.፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በ2014 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እነዚህ ለአገርም ለከተማም ጌጥ ናቸው። ነገር ግን የታክሲ ገንዘብ የሌለው የሸጎሌ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪመሽ ያለችውን አንድና ሁለት ሰዓት የሚያሳልፈው በእግሩ በሚደርስበት ቦታ ነው። ትልቁ ፓርክ የሰፈሩን ሜዳ አይተካም፤ የሰፈሩም ሜዳ ትልቁን ፓርክ አይተካም። እጩው ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባዋል።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራም አለ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ከመኪና ነፃ ቀን መንገድን ለጥቂት ሰዓት ዘግቶ ለልጆች፣ ለሯጮችና ለብስክሌተኞች መልቀቅ እንደሚቻል አሳይቷል። ዋናው ወጪው ስምምነትና አስተባባሪ ነው።

ባህልንም በበዓል ቀን መድረክ ላይ ከሚታይ ጭፈራ ጋር ብቻ ማያያዝ አይገባም። የደመራ እንጨት የሚቆመው በሰፈር ባዶ ቦታ ነው። የቡሄ ልጆች የሚዞሩት በሰፈር መንገድ ነው። ገና በሜዳ ይጫወቱታል። በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥበብ የሚጥሉት እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው። ስለ ባህል የሚናገር እጩ ለእነዚህ የሚሆን ቦታ፣ መብራትና ገበያ ካላሰበ ንግግሩ ከአፍ አያልፍም።

«ዳቦ ሳይሟላ ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ሜዳው ለቤት ወይም ለገበያ ቢውል ይሻላል የሚሉም አይጠፉም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ቤት የሌለው ሰው ጥያቄም እውነተኛ ነው። ሆኖም መልሱን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ገበሬ ማሳውን ሁሉ አርሶ የግጦሽ ቦታ ካላስቀረ በሬው ይከሳል፤ በሬው ከከሳም ማሳው አይታረስም። መሬት ሲጠብም ጥቂት ግጦሽ የሚተርፈው በምክክር ነው። ሜዳም ሊነካ የሚገባ ቢሆን፣ በሰፈሩ ሕዝብ ፊት ተመክሮ ምትክ ሲሰጥ እንጂ በአንድ ሌሊት ሊሆን አይገባም።

ይህን በተመለከተ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከማንም የተሻለ ልምድ አለው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። የሥራ አመራር ኮሚቴው «መጋዘን እንሠራለን» ሲል አባሉ አጨብጭቦ አይወጣም፤ ከየት ገንዘብ፣ መቼ፣ በማን ኃላፊነት ብሎ ይጠይቃል፤ የቁጥጥር ኮሚቴውንም ሪፖርት ይሰማል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ያጸደቀው ሰባተኛው መርሕም ማኅበራት ለአካባቢያቸው ሕዝብ እንዲያስቡ ይጠይቃል። እንግዲህ ለእጩውም የሚቀርቡት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

አንደኛ፦ የትኛው ሜዳ ነው? በስሙ ይጠራ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ካለው ይታይ፣ ከሌለው መቼ እንደሚወጣለት ይነገር።

ሁለተኛ፦ ከየትኛው በጀት ነው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የግንባታው ብቻ ሳይሆን የጥበቃው፣ የጽዳቱና የመብራቱ የሥራ ማስኬጃ በጀት ይገለጽ። ተመርቆ የሚቆለፍ የወጣቶች ማዕከል ካልተሠራው አይሻልም።

ሦስተኛ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ሴቶች ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚጠቀሙበት ሰዓት በግልጽ ተለጥፏል?

አራተኛ፦ ሪፖርቱን ለማን ያቀርባል? በዓመት አንድ ጊዜ በሰፈሩ ሕዝብ ፊት ቆሞ የተሠራውንና ያልተሠራውን የሚናገርበት ቀን ይቈረጥ።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች የየትኛውም ፓርቲ አይደሉም። የሚመልስ እጩ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ሰፈሩን ያውቃል ማለት ነው። ሊመልስ ያልቻለም አስቦበት እንዲመለስ ዕድል ይሰጠዋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና ቃሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ለመጪው በዓል ከብቱን ወደ ሸጎሌ የሚነዳ አባል ገበያውን ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ቆም ብሎ ዙሪያውን ቢመለከት፣ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱ ልጆች ማየቱ አይቀርም። ከዓመት በኋላ ሲመለስ ልጆቹን በዚያው ቦታ ካገኛቸው፣ ስለ እነርሱ የጠየቀ መራጭና ቃሉን የጠበቀ ተመራጭ ነበሩ ማለት ነው።