የካዚሚዬሽ ዶልኒ የአይሁድ መቃብርና የጥገናው ጥያቄ



በፖላንድ አገር፥ ቪስቱላ በተባለው ወንዝ ዳር፥ ካዚሚዬሽ ዶልኒ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነዋሪዎቿ እኩሌታ ያህሉ አይሁድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች እነዚህን ሰዎች ከቤታቸው አውጥተው ለሞት ነዷቸው። ቀድሞ የሞቱትንም ቢሆን አልተዉአቸውም፤ የመቃብራቸውን ድንጋይ እያስነቀሉ የንጣፍ ድንጋይ አደረጉት። የጌስታፖ መሥሪያ ቤት የሆነው የገዳም ግቢ የተነጠፈው በዚሁ ነበር።

ዕብራይስጥ መቃብርን «ቤት ዖላም» ይለዋል፤ ግእዝ ለለመደ ጆሮ ቃሉ እንግዳ አይደለም። በአይሁድ ሕግ መሬቱ የሙታኑ ነው፤ ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ መቃብሩ መቃብርነቱን አያጣም፤ ዐፅምም አይነካም። ስለሆነም የመሐንዲሱ አሠራር ከተለመደው ይለያል። የአጥር መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ወሰኑ ከአሮጌ ካርታና ከአየር ፎቶግራፍ ይጣራል፤ ከመሬት በታች ያለውም ሳይቆፈር በራዳር ይመረመራል። ዛፍ ቢያስቸግር ግንዱ ይቆረጣል እንጂ ሥሩ አይነቀልም። ድንጋዩ የሚታጠበው በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ የሽቦ ብሩሽና አሲድ ፊደሉን ይበሉታል። ስብራትን በሲሚንቶ መድፈን የሚቀናው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክርና እርጥበትን ስለሚያፍን፥ ውሎ አድሮ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ራሱ ነው። በኖራና በአሸዋ የተለወሰው ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ከንጣፍ የተነሣው ድንጋይ በማን መቃብር ላይ ቆሞ እንደ ነበር የሚመሰክር ሲታጣ ምን ይደረግ? ባገኙት ባዶ ቦታ ማቆም ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የአንዱን ስም በሌላው ዐፅም ላይ መጻፍ ነው። አርክቴክቱ ታዴዉሽ አውጉስቲኔክ ይህን አልፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ1984፥ በከተማዋ ዳርቻ ቸርኒያዊ በተባለው መቃብር፥ ስብርባሪዎቹን በአንድ ረጅም ግድግዳ ላይ ደረደራቸው፤ ግድግዳውንም ከላይ እስከ ታች በተሰነጠቀ ክፍተት ለሁለት ከፈለው። ተጠግኖ ያልተደፈነው ስንጥቅ የጉዳቱን ልክ በግልጥ ያሳያል። ስባሪ ሁሉ ዲዳ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ስሙ ቢጠፋም፥ ሁለት የተዘረጉ እጆች ከተቀረጹበት ሟቹ የካህን ወገን ነው፤ ማንቆርቆሪያ ካለበት ሌዋዊ ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ በዛፎች መካከል ጥቂት ድንጋዮች እንደ ቀድሞው ቆመዋል።

በፖላንድ 1,200 ያህል የአይሁድ መቃብሮች አሉ። በአብዛኞቹ ከተሞች አይሁድ ስለሌሉ፥ ገንዘቡ በከፊል የሚመጣው በአሜሪካና በእስራኤል ከሚኖሩት ከልጅ ልጆቻቸው ሲሆን፥ ጥበቃው የሚወድቀው በአካባቢው ሰው ላይ ነው። አጥር አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሣሩ ግን በየዓመቱ ይበቅላል። ስለዚህ የአጥሩ ሒሳብ ሲዘጋጅ የዓመቱ የሣር አጨዳና የቁልፍ ያዡ አበል በዚያው ውል ውስጥ መግባት ይኖርበታል።