የመረቡ ቁልፍ የት ይቀመጥ?



 የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም በሊኑክስ በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ የገመድ አልባ መረብ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ሥፍራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ኮምፒዩተር መጣልኝ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ኮምፒዩተር ጋር ባገናኘሁት ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ የይለፍ ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ተነበበልኝ። ደነገጥሁ፤ ኮምፒዩተሩን ቀድሞ ያሰናዳሁት እኔው ነበርሁና። ቃሉ እንዲለወጥ ያን ዕለት ለኃላፊው ነገርሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኔትወርክ ማናጀር የተባለው ፕሮግራም ቃሉን በሦስት መንገድ ሊይዝ ይችላል። ምልክቱ 0 ሲሆን ቃሉ ሳይመሰጠር በሥርዓቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ፋይሉን ሩት ከተባለው የበላይ ተጠቃሚ በቀር ማንም አያነበውም። ዳሩ ግን ይህ ዘብ የሚጠብቀው ሥርዓቱ በሥራ ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር በሩ ያለ ዘበኛ ይቀራል። ምልክቱ 1 ሲሆን ቃሉ ተመስጥሮ እንደ ግኖም ኪሪንግ ወይም ኬዋሌት ባለ የተጠቃሚው የቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይገባል። 2 ሲሆን ደግሞ ከቶ አይቀመጥም፤ በየጊዜው ይጠየቃል።

ታዲያ ሁሉን 1 ብናደርገውስ? ችግር አለው። ሣጥኑ የሚከፈተው ባለቤቱ ሲገባ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ከመረቡ መገናኘት ያለበት ኮምፒዩተር ተቋርጦ ይቀራል። ጥያቄው የሰለቸው ሰው ደግሞ ለሣጥኑ ባዶ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ መመስጠሩን ያቆማል፤ ስሙ ብቻ ይቀራል።

እንግዲህ በበኩሌ የምመክረው ይህን ነው። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ኮምፒዩተር ሲሰናዳ ዲስኩ በሙሉ በሉክስ ይመስጠር። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ወይም ብቻውን የሚሠራ ኮምፒዩተር በ0 ቢሠራ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ለጥገና፣ ለስጦታ ወይም ለሽያጭ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉ ይጥፋ፤ የመረቡም ቃል ይለወጥ። ፋይል መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ የተሰረዘ ጽሑፍ ከዲስክ ላይ ተመልሶ ሊገኝ ይችላልና።

ደንበኛው ስለ ምልክቶቹ አያውቅም፤ እኛን አምኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ምርጫውን አስረድተነው መሄድ የእኛ ግዴታ ነው።