ቸርኬ መቀየርና የተሳፋሪው ሐቅ

 

አንዲት እናት የሚከተለውን ጽፈውልናል። ባለቤታቸው ሲሞቱ አንድ ሃይስ ሚኒባስ ትተውላቸዋል። ሊብሬው በእርሳቸው ስም ዞሯል፤ የሚያሽከረክረው የበኩር ልጃቸው ነው። ልጁ «መኪናዋ እንድታምር» ብሎ ሰፊ የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዝቷል። ጎማው ወደ ውጭ ወጣ እንዲልም ስፔሰር ሊያስገባ አስቧል። ጎሚስታው ደግሞ በርካሽ የተገኘ የቤት መኪና ጎማ አሳይቶ «ልኩ ነው፣ ይገባል» ብሎታል። እናትየዋ «አደጋ ቢደርስ ቤቴ የተቀመጥኩት እኔ እጠየቃለሁ ወይ? ወይስ ቀደር ነው ተብሎ ያልፋል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በማላውቀው ሙያ ላይ ብይን እንዳልሰጥ በመጀመሪያ ሥራውን የሚያውቁ የጋራዥ ሰዎችን ጠየቅሁ። መኪናን ማስዋብ በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ ጎማ ከጌጥ የሚቆጠር ነገር አለመሆኑ ነው።

እስቲ የጎሚስታውን ቃል እንመርምር። በሃይስ ጎማ ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ 104/102 የሚል ቁጥር ይገኛል። 104 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 195/65 አር 15 በሆነው የቤት መኪና ጎማ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው 91 ሲሆን ይህም 615 ኪሎ ነው። ሁለቱም ባለ 15 ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ ሰውን የሚያሳስተውም መግባታቸው ነው። ልዩነቱ በአንዱ ጎማ 285 ኪሎ፣ በአራቱ 1140 ኪሎ ነው። ወንበሩ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ተጭኖ፣ በቆላ ሙቀት ሲነዳ ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ጎማ ይግላል፣ ከዚያም ይፈነዳል።

የስፔሰሩ ጉዳይ የባሰ ነው። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ መጠን በኩሽኔታውና በቡሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ዳዶው የሚነክሰው ጥርስም ሊያንስ ይችላል። ዳዶን ካነሣን አይቀር፣ የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ ኦሪጅናል የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። የአንዱን ለሌላው ያሰረ ሰው የጠበቀ ይመስለዋል፤ መንገድ ላይ ግን ይላላል። ሰፊው ጎማ ደግሞ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን ወይም የፍሬኑን ቱቦ ሊፍቅ ይችላል። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ከጨመረም የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው የሚሄደው 88 ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። እናታችን፣ አዎን፣ ይጠየቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ይህ ለተገጨ እግረኛ ነው፤ የከፈለ ተሳፋሪ በማጓጓዝ ውሉ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም የክፍያ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የተረፈው ወደ እርስዎ ይመጣል። ሊብሬው በስምዎ ቢሆንም ሚኒባሱ ውርስ ነው፤ ካሣ ለመክፈል ቢሸጥ የትናንሾቹ የቲሞች ድርሻም አብሮ ይሄዳል። ልጅዎ ይህን አስቦት ይሆን?

በሸሪዓውም በኩል ነገሩ አይቀልም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ፣ አሽከርካሪ በሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ነፃ የሚወጣው ሊከላከለው በማይችለው ኃይል፣ በተጎጂው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ጥፋት ሲሆን ነው። ሊቃውንቱ አድራሹንና ሰበብ የሆነውንም ይለያሉ፤ ስለዚህ የማይሆን ጎማ «ይሆናል» ብሎ የገጠመ ጎሚስታም ከሰበቡ ነፃ ነኝ ሊል አይችልም።

ቀደርን በተመለከተ፣ ሁሉም ነገር በአላህ ውሳኔ መሆኑን እናምናለን። በስህተት የተገደለ ሰው ሞትም በቀደር ነው። ይሁንና ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 በዚሁ ስህተት ላይ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈል ዲያን ደንግጓል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ገዳይም ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ቀደር የሰውን ሐቅ የሚሰርዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ሳንቲሙን ከፍሎ የተሳፈረው ሰው ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቁጥር አላነበበም፤ አምኖ ነው የገባው። ይህ አማና ነው።

ስለዚህ እናታችን፣ ልጅዎን በቁጣ ሳይሆን ቁጭ አድርገው ያነጋግሩት። ስፔሰሩ ይቅር። ጎማው በበሩ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው መጠንና የክብደት ቁጥር ይሁን። ጎማ በተፈታ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ ዳግመኛ ይጥበቁ። የተገዛው ቸርኬ ይሸጥ፤ ተሰንጥቆ የተበየደ ከሆነ ግን ለሌላ መኪና እንዲገጠም አይሸጥ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች ይሰጥ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።