ስለ ተቀደደ የድምፅ ማጉያ ወረቀት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የትውልድ አገሬ ካራቆሬ ስሟ የሚነሣው በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ባፈራረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ትንሽ መንቀጥቀጥ፥ ማለት በቴፕና በራዲዮን ሆድ ውስጥ ስለሚርገበገበው ወረቀት ነው።

እናቴ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ቴፕ አላት። ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ድምፁን ቀርጾ የላከላት ካሴት አለ፤ ከእርሱ የቀራትም ይኸው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስወርድ ቴፑ እንደ ተርብ ጥዝዝ ይላል። ከፍቼ ባየው አይጥ የሁለቱንም ወረቀት ቀዶታል። እኔም የተማርሁ ነኝ ብዬ በቀኙ ላይ ሱፐር ግሉ አፈሰስሁበት። ሙጫው እንደ መስተዋት ደረቀ፤ ወረቀቱ በዳሩ እንደገና ተሰነጠቀ፤ ጥቂቱም ወደ ውስጥ ወርዶ ጥቅሉን ሽቦ ከማግኔቱ ጋር አጣበቀው። እናቴ «ልጄ፥ አፉን ዘጋኸው» ብላ ዝም አለች።

ወደ መጽሐፍ የሄድሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን እርሱ ነበር። ራይስና ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925፥ ስለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ማጉያ ጽፈዋል፤ ሥራው እስከ ዛሬ ያው ነው። ከሾጣጣው ወረቀት ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ወረቀቱም አየሩን ይገፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ቀላልም ጠንካራም ሊሆን ይገባዋል። ወፍራም ፕላስተር የሚለጥፍበት ሰው ሯጭን ድንጋይ እንደሚያሸክም ነው።

በግራው ላይ ተጠነቀቅሁ። በመጀመሪያ ወረቀቱን በሁለት እጄ ጣቶች ከዙሪያው እኩል ይዤ በቀስታ ጫንሁት። የሚፋቅ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ የተጎዳው ሽቦው ስለ ሆነ መለጠፉ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ከዚያ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነካሁት፤ ጧ አለ፤ ሽቦው አልተበጠሰም ማለት ነው። (የብረት መፍቻ አጠገቡ አታድርሱ፤ ማግኔቱ ስቦ ወረቀቱን ያስበሳዋል።)

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ፥ ነጩን የእንጨት ኮላ በጥቂት ውኃ አቀጠንሁ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት በመቀስ ሳይሆን በእጄ ቀደድሁ፤ እንዲህ ሲሆን ዳሩ ሳስቶ ከዋናው ጋር ይዋሐዳል። የቀዳዳውን ከንፈሮች አገጣጥሜ ከጀርባው ለጠፍሁ፤ ሲደርቅ ደግሞ ከፊቱ። ፀሐይ ላይ ሳላወጣ በጥላ አሳደርሁት። በጠርዙ በኩል፥ መተጣጠፍ በሚያስፈልገው ስፍራ፥ ኮላ ስለሚያደርቀው ስስ ማስቲሽ ቀባሁ። ጠርዙ የበሰበሰ ስፖንጅ ከሆነ ግን መለጠፍ አያድነውም፤ ቀለበቱ ይለወጣል።

ግራው አሁን ይናገራል። ድምፁ ጥቂት ጎርነን ብሏል፤ እናቴም ወንድሜን ስታዳምጥ በግራ በኩል ትቀመጣለች። ቀኙን ይዤው መጥቻለሁ፤ እነሆ በጠረጴዛው ላይ ነው። የተጣበቀውን ሽቦ ሳይበጥስ ማላቀቅ የሚችል መምህር ወይም ተማሪ ካለ፥ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እጠብቀዋለሁ።